ከሥሩ የተቆረጠው ፎቶ

(በተመራቂዎች መገናኛ ምሽት ፎቶ እያሳየሁ ያደረግሁት ንግግር)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «እባክሽ ሕመምና መድኃኒት የሌለበት ነገር አውሪልን፣ እሱንማ ቀን ቀን ስንሰማው ነው የምንውለው» አሉኝ። እኔም «እንግዲያው ፎቶ ላሳያችሁ» አልኩ። የሮም ፎቶ ነው። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ዘጠኝ ቀን እዚያ ነበርኩ፤ ሦስት መቶ ያህል አንስቻለሁ። አትደንግጡ፣ የማሳያችሁ አሥር አይሞላም። ሕመም የሌለበት የሚለውን ግን እስከ መጨረሻው የምጠብቀው አይመስለኝም። ከወዲሁ ይቅርታ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ የጉንደ ወይን ልጅ ነኝ፤ በቢቸናና በሞጣ መካከል። ከዚህ ኮሌጅ ከተመረቅሁ በኋላ የአእምሮ ሕክምና ተምሬያለሁ። ሮም የሄድኩትም በሥራ ነው። ጣሊያን ግንቦት 5 ቀን 1970 ዓ.ም. ሕግ ቁጥር 180 የሚባለውን አወጀች። የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች አዲስ ሰው እንዳይቀበሉና ቀስ በቀስ እንዲዘጉ የሚያዝ ሕግ ነው። ሰው የሚያውቀው በሐኪሙ በፍራንኮ ባዛሊያ ስም ነው። አርባኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ በተዘጋጀ አንድ ስብሰባ ላይ ተጋብዤ ነው። ሦስቱን ቀን ስብሰባ ዋልኩ፤ ስድስቱን ቀን እግሬ እስኪያብጥ ዞርኩ።

ቋንቋውን አላውቅም ብዬ ፈርቼ ነበር። ከአውሮፕላን ጣቢያ ወደ ከተማው ስንገባ መጀመሪያ ያነበብኩት ሰሌዳ «ጎሚስታ» ይላል። ትንሽ አለፍ ብሎ «ላቫጆ»። አውቶቡሱ የሚቆምበት «ፌርማታ»። ዳቦ ቤቱ «ፎርኖ»፤ እናቴ ፉርኖ የምትለው። ለካስ መናኸሪያ አጠገብ ያደገ ልጅ የሮምን ግማሽ ማንበብ ይችላል! እናንተም ብትሆኑ እንግዳ አትሆኑም። ከዱቲ ወጥተን፣ ዓይናችን ቀልቶ፣ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን የምንቀመጥበትን ሰዓት የረሳ አለ? ፖስታ ቤቱም ሲኒማ ቤቱም በአምስቱ ዓመት ጣሊያን የሠራቸው ናቸው። ጄኔራል ናሲ በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጅ የሰጠውም እዚችው ከተማ ላይ ነው። በጣሊያን ግንብ ጥላ ሥር ሆነን ነው አናቶሚ ያጠናነው።

እሺ፣ ፎቶ አንድ። ኮሎሲየም። ይኼን ያነሳሁት «ሮም ሄዳ ሳታየው መጣች» እንዳልባል ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ድንጋዩ ትልቅ ነው። እንለፈው።

ፎቶ ሁለት የኛ የሐኪሞች ነው። በቲቤር ወንዝ መካከል ያለች ደሴት ናት። ሮማውያን የሕክምና አምላክ ለሚሉት ለአስክሌፒየስ ቤተ መቅደስ የሠሩባት ቦታ ናት፤ በየአርማችን ላይ በበትር የተጠመጠመችው እባብ የሱ ናት። ዛሬም ሆስፒታል አለባት፣ በ1585 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ። በሩ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሁለት ወጣቶች ሲጋራ እያጨሱ ሲስቁ ታያላችሁ። ፊታቸውን ሳየው ኢንተርን መሆናቸውን አወቅሁ፤ በዓለም ላይ እንደዚያ ደክሞት የሚስቅ ሌላ ፍጥረት የለም።

ፎቶ ሦስት ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ወደ ኋላ የተነሳ ነው። ከአምስት መቶ በላይ ደረጃ ወጥቼ ነው፤ ስለዚህ በደንብ እዩልኝ። ከዛፎቹ በፊት ያቺ ትንሽ ጣሪያ ትታያችኋለች? የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ናት። ከኢየሩሳሌም አልፈው የሚመጡ የአገራችን መነኮሳት ያርፉባት ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. በማተሚያ ያሳተሙት እዚያ ተቀምጠው ነው። ከቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነች ዘው ተብሎ አይገባም፤ እኔም አልገባሁም። ጣሪያዋን ብቻ አይቼ ወረድኩ። ወደኛ አገርም እኮ በዚያው መንገድ የመጡ ነበሩ። ጎረቤታችን መርጡለ ማርያም፣ እቴጌ እሌኒ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ቦታ ላይ፣ ኢየሱሳውያን በኋላ የገነቡት ፍራሽ አለ። በልጅነቴ ድንጋዩ ላይ የተፈለፈሉትን አበቦች በጣቴ እከተል ነበር። ሮም አንድ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ የአምዱን ራስ ቀና ብዬ ሳይ እጄ ሳላዝዘው ተነሳ።

ፎቶ አራት ላይ የመንገድ ስም ብቻ ነው ያለው። «ቪያ አምባ አራዳም»። አዎ፣ የኛው አምባ አራዶም። በየካቲት 1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ጦር በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ ያለቀበት። ሮም ውስጥ ጎዳና ተሰይሞለታል። ከስብሰባው ተሳታፊዎች አንዷ፣ ደግ ሴት ናት፣ ልጆቿ ቤቱን ሲያተረማምሱባት «አምባራዳን» እንደምትላቸው ነገረችኝ። ትርምስ ማለት ነው። ቃሉ ከየት እንደመጣ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። አላወቀችማ። በሰናፍጭ ጋዝ የተቃጠለ ሳንባ ምን እንደሚመስል ግን ሁለታችንም ከመጽሐፍ ተምረናል።

ፎቶ አምስት ባዶ ነው። ተሳስቼ አይደለም። ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ይባላል። የአክሱም ሐውልት ከጥቅምት 1930 ዓ.ም. ጀምሮ ከስድሳ ዓመት በላይ የቆመበት ቦታ ነው። ከበስተጀርባው ያለው ትልቅ ሕንጻ ያኔ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ታስቦ የተሠራ ነው፤ ዛሬ የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅት አለበት። ሐውልቱ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፣ በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ተመርቆ ቆመ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ መኪና ይዞራል፣ ሰው ቡችላውን ያንሸራሽራል። ባዶ ቦታ ሳነሳ ያየኝ አንድ ሽማግሌ ዞር ብሎ ምን እንዳየሁ ፈለገ፤ ምንም አላገኘም። እኔ ግን በጉዞዬ ሁሉ እንደዚያ ፎቶ ደስ ያለኝ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

አባቴ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናቸው። ጉንደ ወይን ገበያ ላይ ዛሬም ሽበት ያወጣ ሰው ቆብ አውልቆ «መምህሬ» ይላቸዋል። የሳቸው አባት ደግሞ ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጋር የዘመቱ አርበኛ ነበሩ። ከሞጣ ወርዶ ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የድሮ ሰው ከኛ አገር ወደዚህ ወደ በጌምድር የሚሻገርበት ነበር። የተሰበረው በዚያው በጣሊያን ጊዜ ነው። እንግዲህ በኛ ቤት ሮም ማለት ከተማ አልነበረችም፤ ጠላት የተነሳባት ቤት ነበረች።

አራተኛ ክፍል አባቴ ናቸው ያስተማሩኝ። ሌላውን ትምህርት ረስቼዋለሁ፤ ዘርዓይ ደረስን የሚያስተምሩበትን ቀን ግን አልረሳም። ማስመሪያውን እንደ ሻምላ ይመዛሉ። ኤርትራ የተወለደው ወጣት፣ ጣሊያን አገር ለታጋዙ መኳንንት አስተርጓሚ ሆኖ ሄዶ፣ ከአዲስ አበባ የተዘረፈውን የይሁዳ አንበሳ ሮም አደባባይ ላይ ሲያይ ይንበረከካል። አባቴም ጥቁር ሰሌዳው ሥር ይንበረከካሉ። የከለከሉትን ሲመታ ማስመሪያው ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል። ክፍሉ በጭብጨባ ይፈርሳል። አንድ ጊዜ ማስመሪያው ተሰብሮ ርዕሰ መምህሩ አስከፍለዋቸዋል።

ሮም እንደምሄድ ስነግራቸው በስልኩ ውስጥ ዝም አሉ። ቀጥለው «ያንን ቦታ ታዪልኛለሽ?» አሉ። «የቱን አባባ?» «አንበሳውን ያቆሙበትን። ዘርዓይ የተንበረከከበትን። ፎቶ አንሺልኝና አሳጥበሽ አምጪልኝ፣ በስልክ አልፈልግም።» በሕይወታቸው የጠየቁኝ ነገር በጣት የሚቆጠር ነው።

ቦታው እንደሚከተለው ነው። የሮም ትልቁ ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ይባላል። ከፊቱ ያለው ሰፊ አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች። በየቀኑ ሻንጣውን እየጎተተ የሚያልፈው ሰው ያንን የሚያስታውስ አይመስለኝም። ለነሱ መታሰቢያ የቆመው ሐውልት ከአደባባዩ ትንሽ ወረድ ብሎ ዛፍ ካለበት ቦታ ላይ ነው። የሚገርመው ሐውልቱ ራሱ ከግብፅ የመጣ የራምሴስ ሁለተኛ ድንጋይ ነው። ከአፍሪካ በተወሰደ ድንጋይ ላይ አፍሪካ ውስጥ የሞቱትን ስም ለጠፉ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የኛን አንበሳ አምጥተው ከሥሩ አስቀመጡት። አንበሳው ዛሬ ለገሐር ቦታው ላይ ነው፤ ሮም የቀረው መደቡ ነው።

ሰኔ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. ዘርዓይ እዚያ ሥር ሻምላ መዘዘ። ስንት ሰው እንደመታ በኛ ትረካና በጣሊያኖቹ መዝገብ መካከል ልዩነት አለ። ተኩሰው መቱት፣ ያዙት። አባቴ ክፍል ውስጥ የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ የሆነውን እኔ ያወቅሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ የአእምሮ ሕክምና ስማር ነው። እብድ ነው አሉት። ሲሲሊ ውስጥ ባርቼሎና ፖትሶ ዲ ጎቶ በሚባል ከተማ፣ ወንጀል ሠሩ የተባሉ የአእምሮ ሕሙማን በሚታጎሩበት ቦታ አስገቡት። ፋሺስት ወደቀ፣ ጦርነቱ አለቀ፣ እሱ አልወጣም። በ1937 ዓ.ም. እዚያው ሞተ።

ስብሰባው በተደረገበት ሳምንት ሳንታ ማሪያ ዴላ ፒየታን አስጎበኙን፤ የሮም የድሮው የአእምሮ ሆስፒታል ነው። ፎቶ ስድስት። ዛፍ የሞላበት ሰፊ ግቢ ነው፣ ሕንጻዎቹ ተራርቀው የተሠሩ፣ ዛሬ ሰው ሊናፈስ ይመጣል፤ አንዱ ቤት ሙዚየም ሆኗል። አስጎብኚዋ ስለ ተቆለፉ በሮች ትናገራለች፣ እኔ አማኑኤልን አስባለሁ፤ እሱም የተመሠረተው በዚያው በወረራው ዘመን ነው። ሬዚደንት ሆኜ ስንት ሌሊት ያደርኩበት ግቢ። ከዚያ ደግሞ ዘርዓይን አሰብኩ። ያንን ወረቀት የፈረመ ሐኪም ነበር። ስሙን አላውቅም፣ ልፈልገውም አልሞከርኩም። ግን እንደኔ ጋዋን የለበሰ፣ እንደኔ ማኅተም ያለው ሰው ነው። ያ ልጅ ታሞ ነበር ወይስ አልታመመም ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ ያላየሁትን ሰው አልመረምርም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። አንድ መንግሥት አንድ ሰው ለምን እንደተቆጣ መስማት ካልፈለገ የኛን ሙያ ይጠራል። እኛም እንመጣለን።

እመጣለሁ ማለቴ በምክንያት ነው። የት እንደነበር አልናገርም፤ ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ሠራተኛውን በደብዳቤ ላከብኝ። ሰውዬው በስብሰባ ላይ ተነስቶ ከመጋዘን ስለጠፋ ዕቃ ጮኾ ነበር። ደብዳቤው «የአእምሮ ሁኔታው ተመርምሮ ለሥራ ብቁ አለመሆኑ እንዲገለጽልን» ይላል። ልብ በሉ፣ «መሆን አለመሆኑ» አይደለም የሚለው። መረመርኩት። እንቅልፍ አጥቷል፣ ተናዷል፣ ግን ሕመም አላገኘሁበትም። ያንን መጻፍ ነበረብኝ። በር ላይ አርባ ሰው ተሰልፏል፣ ደብዳቤውን ያመጣው የአስተዳደር ሰው ወንበር ስቦ ተቀምጧል፣ እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። «ለተጨማሪ ክትትል ቢመለስ» ብዬ ጻፍኩና ማኅተም መታሁ። ማንንም የማይጎዳ ዓረፍተ ነገር መስሎኝ ነበር። ሰውዬው አልተመለሰም። በዚያች መስመር ከሥራ እንዳሰናበቱት የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው። ፈልጌው ነበር፤ አገር ለቋል አሉኝ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ መምህሮቼ ባሉበት እናገራለሁ ብዬም አላሰብኩም ነበር። እንቀጥል።

ወደ ዶጋሊው ሐውልት የሄድኩት በመጨረሻው ቀን፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት ነው። የሰው ትርምስ ሳይበዛ ልድረስ ብዬ። ጸሎት ባደርግም ደስ ባለኝ፤ እንደ አባቴ መንበርከክ ግን ያሳፍረኛል። ደረስኩ። መደቡ ላይ፣ አንበሳው ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ፣ ሰው ተኝቷል። ካርቶን አንጥፎ ግራጫ ብርድ ልብስ እስከ ራሱ ተከናንቧል። ጫማው አጠገቡ ነው፣ በደንብ ተስተካክሎ፣ አፍንጫቸው ወደ ውጪ፤ ቤት ውስጥ አልጋ ሥር እንደሚቀመጥ ጫማ።

ያ ሰፈር የኛ ልጆች የሚበዙበት ነው። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ሲሄዱ ፒያሳ ኢንዲፔንደንሳ አለ። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. በአንድ ባዶ ሕንጻ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ስደተኞች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን፣ ተባርረው አደባባዩ ላይ ቢተኙ ፖሊስ በውሃ መድፍ የበተናቸው እዚያ ነው። እኔ ከመሄዴ ዘጠኝ ወር በፊት መሆኑ ነው። የተኛው ሰው ከነሱ ይሁን አይሁን አላውቅም። ፊቱን አላየሁም። ጣሊያናዊ ሊሆን ይችላል፣ ከየትም ሊሆን ይችላል።

ካሜራዬን አወጣሁ፣ መለስኩ። ደግሞ አወጣሁ። ተኝቶ ያለን ሰው ሳያውቅ አናነሳም፤ ዋርድ ውስጥ ለተማሪዎቼ የምቆጣበት ነገር ነው። ይነሳ እንደሆን ብዬ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ። አልተነሳም፤ አውሮፕላኔ ደግሞ ቀትር ላይ ነው። በመጨረሻ ካሜራዬን ቀና አደረግሁና ከወገቡ በላይ ያለውን ሐውልት አነሳሁ።

ፎቶ ሰባት ይኸው። ሰማይ፣ የግብፅ ጽሑፍ፣ ጫፉ ላይ ኮከብ። ከታች ተቆርጧል።

በክረምቱ ጉንደ ወይን ስገባ አሳጥቤ፣ ፍሬም አስገብቼ ወሰድኩላቸው። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት፣ ገልብጠው ጀርባውን ሁሉ አዩት። «መደቡስ የታለ?» አሉ።

ነገርኳቸው። ሰው ተኝቶበት እንደነበር፣ ማንሳት እንዳልፈለግሁ። አጋጣሚውን ካገኘሁ ብዬ የዘርዓይንም መጨረሻ ጨምሬ ነገርኳቸው፣ የሲሲሊውን። ይኼን አያውቁትም ነበር። «እብድ አሉት?» አሉ። «አዎ አባባ።» «ሐኪም?» «ሐኪም።» ቀና ብለው አዩኝ። እሳቸው ስለዚያ ስለ መጋዘኑ ሰው የሚያውቁት ነገር የለም፤ አስተያየታቸው ግን ወንበሩ ላይ አላስቀመጠኝም፤ ተነስቼ ቡናውን ላየው ሄድኩ።

ስመለስ ስለ ሐኪሙ አላነሱም። «ያ የተኛው ልጅ፣ የኛ አገር ልጅ ነበር?»

«እንጃ አባባ። ተከናንቦ ነበር።»

«ሰላም አላልሽውም?»

«ተኝቶ ነበርኮ።»

«ያን ያህል ቆመሽ?» አሉ። «ሐኪም አይደለሽ? ደኅና ይሁን አይሁን አላየሽም?»

ለፎቶው ስል ሃያ ደቂቃ ከሰውዬው ራስጌ ቆሜያለሁ። ተከብሮ እንዲተኛ እየጠበቅሁለት ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ትንፋሹን እንኳ አላዳመጥኩም። የአእምሮ ሐኪም ነኝ፣ ለአርባ ዓመት በዓል ተጠርቼ ሕሙማን ከግንብ ወጥተው ወዴት ሄዱ የሚል ስብሰባ ውዬ የወጣሁ ሰው ነኝ።

አባቴ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፣ ከአያቴ የአርበኝነት ሜዳሊያ አጠገብ። የልጅ ልጆቻቸው ሲሰበሰቡ ታሪኩን ዛሬም ይነግራሉ፤ ጉልበታቸው እምቢ ስላለ መንበርከኩ ቀርቷል፣ ማስመሪያውን ከዘራ ተክቶታል። ሲጨርሱ በከዘራቸው ከፍሬሙ በታች ያለውን ባዶ ግድግዳ ይጠቁሙና «አንበሳው የነበረው እዚህ ጋ ነው። አሁን ሰው ተኝቶበታል» ይላሉ። ባለፈው ገና የወንድሜ ልጅ «ታዲያ መቼ ነው የሚነሳው?» ብላ ጠየቀች። አባቴ ወደኔ ዞር ብለው «አክስትሽን ጠይቂያት» አሏት።

ፎቶው ይኸው ነው።  እባካችሁ መብራቱን አብሩልን።